ሻንጣው አዳማ ይመዘን፣ ቦሌ አይደለም

ሰላም ወገኖች፣

ክረምት ላይ አዳማ ቤተሰብ ልትጠይቅ የምትሄደው እህታችን «ስመለስ ሻንጣዬ ኪሎ እንዳያልፍ ምን ላድርግ?» ብላ ጠይቃለች። ብዙዎቻችሁ ስለ ልብስ አስተጣጠፍ መልሳችኋል። እኔን ግን ያስቸገረኝ ልብስ አይደለም። በርበሬው ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ወደ አሜሪካ ስመለስ እናቴ በርበሬ አዘጋጀችልኝ። ቀንጥሳ፣ ደልዛ፣ ያን የአዳማ ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ አስፈጭታ። ሦስት ፌስታል ደራርባ አሰረችው። ከዚያ ካረጀ ነጠላዋ በሰፋችው ከረጢት ከተተችው። ማናችንም አልመዘንነውም። 85 ኪሎ ሜትሩን ፈጣን መንገድ አልፈን ቦሌ ስንደርስ አንዱ ሻንጣ 28 ኪሎ፣ ሌላው 22 ኪሎ ሆነ። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ሻንጣ ከፈትኩ። ከኋላዬ ሰልፉ ረዝሟል። የሸኘኝ ወንድሜ ወደ አዳማ መንገድ ገብቷል። ለትርፉ ኪሎ የተጠየቅኩትን መክፈል አልቻልኩም። ከረጢቱን እንዳለ አውጥቼ ለአንዲት የጽዳት ሠራተኛ ሰጠኋት። በኋላ ለእማዬ ስነግራት ስልኩ ላይ ዝም አለች። ያ ዝምታ እስካሁን አለቀቀኝም።

ስለዚህ እህቴ፣ መጀመሪያ ቲኬትሽን እዪ። ወደ አሜሪካ በሚወስደው በእኛ መስመር ብዙ ጊዜ በኢኮኖሚ የሚፈቀደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። «ድምሩ 46 ነው» ብለሽ አንዱን 27፣ ሌላውን 19 ብታደርጊ 27ቱ አልፏል። በእጅ የሚያዘው ደግሞ 7 ኪሎ ነው። ባዶ ሻንጣ ራሱ አራት አምስት ኪሎ ሊበላ ይችላል። ትልቅና ጠንካራ የሆነውን ትተሽ ቀለል ያለውን ያዢ።

ከዚያ ጊዜ ወዲህ እኔ ሻንጣዬን ባጃጅ ላይ ጭኜ ሰፈራችን ወፍጮ ቤት እወስደዋለሁ። እህል የሚመዘንበት ሚዛን ላይ ይወጣል። ባለወፍጮው «ደግሞ ልትሄጂ ነው?» ይሉኛል እንጂ ሳንቲም አይጠይቁኝም። 22 ሲል አቆማለሁ። ሚዛንና ሚዛን ስለሚለያይ አንዷን ኪሎ እተዋታለሁ። በመንጠልጠያ የሚያዘው ትንሽ ሚዛንም ጥሩ ነው፤ ግን ከመንገድ በፊት ባለው ማታ ሳይሆን ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ መዝኚ። የሚቀነስ ካለ ቤት ውስጥ፣ ከእናትሽ ጋር ተመካክራችሁ ይቀነሳል።

ቡና ከወሰድሽ ልብ በዪ፤ ጥሬ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል። ቶሎ የምትጠጪውን ቆልተሽ ውሰጂ፣ የሚቆየውን ጥሬውን። ጀበና ከያዝሽ ሆዱ ባዶ አይሂድ፤ ካልሲ ሙዪበት። ከዚያ በጋቢ ጠቅልለሽ ሻንጣው መሃል አስቀምጪው፤ አንገቱ የሚሰበረው ዳር ሲሆን ነው። ጋቢው ሁለት ሥራ ሠራ ማለት ነው። ከባድ ነገር ወደ ጎማው በኩል ይሁን። ወፍራሙን ጃኬት ለብሰሽው ግቢ።

በርበሬና ሽሮ በእጅ ሻንጣ አይያዝ። ወደ አሜሪካ በሚበሩ አውሮፕላኖች እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ከተያዘ ተጨማሪ ፍተሻ አለው፤ ሊወሰድብሽም ይችላል። ማር እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር ከ100 ሚሊ ሊትር ካለፈ ወደሚጫነው ሻንጣ ነው። ፓወር ባንክ ግን ተቃራኒው ነው፤ በእጅሽ ብቻ። ቋንጣውን እዚያው ብሉት፤ ሥጋ ነውና አይገባም። ስትደርሺ የያዝሽውን ምግብ ሁሉ በግልጽ ተናገሪ፤ የሚያስቀጣው መደበቁ ነው። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ሥጋ ብቻ ሳይሆን ቅቤም አይገባላችሁም።

አደራ የሚባለው ነገር ደግሞ አለ። ጎረቤት «ይህችን ብቻ ለልጄ» ብሎ ይመጣል፤ እምቢ ማለት ይከብዳል። እኔም እምቢ አልልም። ግን ከመጀመሪያው ለሰው አደራ ሁለት ኪሎ እለያለሁ፣ ሲሞላ «ሞላ» እላለሁ። የታሸገ ደግሞ አልቀበልም፤ ባመጣው ሰው ፊት ተፈትቶ አይቼ ራሴ እሰፋዋለሁ። የሚከፋው ሰው ይኖራል። ቢሆንም ሻንጣው በስሜ ነው የሚጫነው።

ዘንድሮም ልሄድ ነው። እማዬ ትናንት ደወለች። ዛላው ገና ሳይገዛ «ስንት ኪሎ ላድርገው?» አለችኝ። አራት አልኳት። «አምስት ቢሆንስ?» አለች። ሌላ ምን እንደምይዝ ቆጥሬ መልሼ ደወልኩላት። አምስት ይሆናል።