ልጅ ስንረካከብ የቀድሞ ባለቤቴን በድብቅ ብቀዳው ያስጠይቀኛል? (ሜሪላንድ)

ጥያቄ፦ የሲልቨር ስፕሪንግ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ከባለቤቴ ጋር ከተፋታን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አለችን። በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ መሠረት አርብ ማታ ይወስዳታል፣ እሑድ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይመልሳታል። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ እሱ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ። የምንረካከበው እኔ ሰፈር ያለ ነዳጅ ማደያ ፓርኪንግ ላይ ነው።

ሰው ፊት ማር ነው። ብቻችንን ስንሆን ግን የማይሰድበኝ ስድብ የለም። ባለፈው እሑድ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ መጣ። «ምነው ቆየህ?» ስለው «ወደ አገርሽ ነው የማስመልስሽ!» አለኝ። ልጅቷ አንድ ጫማዋን በእጇ ይዛ የመኪናው በር ላይ ቆማ እየሰማች ነበር። ለዳኛ ብናገር ማን ያምነኛል? ስለዚህ ስልኬን ኮት ኪሴ ውስጥ አድርጌ ሁለት ጊዜ ድምፁን ቀዳሁት። ጓደኛዬ ስትሰማ «አብደሻል? ትታሰሪያለሽ!» አለችኝ። እውነት ነው?

ሾፌሩ፦

እህቴ አይዞሽ። ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ ካወቀ ይበቃል፣ የፌዴራል ሕጉ እንደዚያ ነው የሚለው። እኔ ዲሲ እያለሁ ከአከራዬ ጋር ስጨቃጨቅ ቀድቼው ምንም አልሆንኩም። ዝም ብለሽ ቅጂ።

ጠበቃ ቢሮ የምሠራ፦

ሾፌሩ፣ አትቀየመኝና ይሄ ምክር ሰው ያሳስራል። (ጠበቃ አይደለሁም፣ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ወረቀት የማዘጋጅ ነኝ።) የፌዴራሉን በትክክል ብለሃል። ዲሲም ቨርጂኒያም እንደዚያው ናቸው። ግን ስቴቶች ከፌዴራሉ አጥብቀው መደንገግ ይችላሉ፣ ሜሪላንድ ደግሞ አጥብቃለች። እዚህ የግል ንግግር ለመቅዳት የሁሉም ተናጋሪዎች ፈቃድ ያስፈልጋል። በድብቅ የቀዳ ሰው እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 10,000 ዶላር ቅጣት ሊደርስበት ይችላል። የተቀዳው ሰውም በፍትሐ ብሔር ሊከስ ይችላል።

የፕሬዚዳንት ክሊንተንንና የሞኒካ ሉዊንስኪን ጉዳይ የምታስታውሱ ካላችሁ፣ የሞኒካ ጓደኛ የነበረችው ሊንዳ ትሪፕ የሞኒካን ስልክ የቀዳችው ኮለምቢያ፣ ሜሪላንድ ያለው ቤቷ ሆና ነው። በ1999 የሜሪላንድ አቃቤ ሕግ በዚሁ ሕግ ከሰሳት። ክሱ በ2000 ተነሣ፣ ግን እስከዚያ ድረስ ጠበቃ ይዞ መንከራተት ቀላል ነገር አይደለም።

ለአንቺ ዋናው ነገር ሌላ ነው። በሕገወጥ መንገድ የተቀዳ ድምፅ ሜሪላንድ ፍርድ ቤት በማስረጃነት አይቀርብም። አደጋው አለ፣ ጥቅሙ የለም።

ሾፌሩ፦

እሺ ተምሬያለሁ። ግን እኮ ፓርኪንግ ላይ ነው፣ መንገደኛ ሁሉ የሚሰማው። ይሄ የግል ንግግር ይባላል?

ጠበቃ ቢሮ የምሠራ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ክርክሩም አለ። በ2010 አንድ ሞተር ነጂ ያስቆመውን ፖሊስ በመቅዳቱ ሜሪላንድ ውስጥ ተከሶ ነበር። ዳኛው መንገድ ላይ ሥራውን የሚሠራ ፖሊስ «ንግግሬ የግል ነው» ሊል አይችልም ብለው ክሱን ጣሉት። ግን ያ ፖሊስ ነው። ሁለት ሰዎች በሁለት መኪና መሀል ቆመው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲነጋገሩ ሌላ ነው። ዕድልሽን በራስሽ ላይ አትሞክሪ።

ሕጉ የሚይዘው ድምፅን ነው። ድምፅ የሌለው ቪዲዮ ሌላ ነገር ነው። ዳሽካም (የመኪና ካሜራ) ካለሽ ማይክሮፎኑን አጥፊው። የበር ካሜራም ያው ነው፣ እሱ ቤትሽ በር ላይ የሚመጣ ከሆነ ድምፁን ዝጊ።

ስለቀዳሻቸው ሁለቱ፦ ለማንም አታሰሚ፣ ለእህትሽም በዋትስአፕ አትላኪ። ማሰራጨቱ ለብቻው ጥፋት ነው። ደንግጠሽም አትደምስሺ። መጀመሪያ ጠበቃ አማክሪ።

የሁለት ልጆች አባት፦

እኔ በተቃራኒው ወገን ነበርኩ። እሷ ነበረች የምትቀዳኝ፣ ግን በግልጽ። «እየቀዳሁ ነው» ትልና ስልኳን ታወጣለች። አውቄ ማውራቴን ከቀጠልኩ እንደተስማማሁ ሊቆጠር እንደሚችል ጠበቃዬ ስለነገረኝ ዝም እል ነበር። ስድቡም ጭቅጭቁም በዚያው ቆመ። ዳኛዋ ግን በሁለታችንም ደስ አላላቸውም። በእያንዳንዱ ርክክብ ልጅ ፊት ላይ ስልክ መደገን ምን ያስተምራል አሉ። ልጄም «ማሚ፣ ዛሬም ፊልም ነው?» ብሎ ጠይቋት ያውቃል።

ኋላ ፍርድ ቤቱ በአንድ የወላጆች አፕ ብቻ እንድንጻጻፍ አዘዘን፣ አወር ፋሚሊ ዊዛርድ የሚባለውን። ቶኪንግ ፔረንትስ የሚባልም አለ። የተላከ አይጠፋም፣ መቼ እንደተነበበ ይመዘግባል። ከዚያ ወዲህ ስድብ ልጻፍ ብል እንኳ እጄ አይታዘዝልኝም።

እትዬ ከፌርፋክስ፦

ልጄ፣ አንድ ነገር ላክልልሽ። ሰው «በልጅቷ ቦርሳ መቅጃ ክተቺ» ቢልሽ እንዳትሰሚ። አንቺ የሌለሽበትን የሰው ንግግር መቅዳት እኛ ዘንድ ቨርጂኒያም ወንጀል ነው። ልጅንም ሰላይ ማድረግ ነው።

ወደ አገርሽ ስላለሽው፣ የከስተዲ (የልጅ አሳዳጊነት) ዳኛ ኢሚግሬሽን አይደለም። ወረቀትሽ ላይ የሚያሰጋሽ ነገር ካለ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግሪ። ካልሆነ በባዶ አትፍሪ። እጁን ካነሳብሽ ወይም እገድልሻለሁ ካለሽ ግን መቅዳት ምናምን ሳትዪ 911 ደውዪ። ፕሮቴክቲቭ ኦርደር የሚባለው፣ እንዳይጠጋሽ የሚያግድ የፍርድ ቤት ትእዛዝም አለ፣ ፍርድ ቤት ዝግ ቢሆንም ሌሊት የፍርድ ቤት ኮሚሽነር ዘንድ ሄዶ ማመልከት ይቻላል።

ምስክር ደግሞ ሰው ነው። ከእንግዲህ ብቻሽን አትሂጂ፣ አንዷን ጓደኛሽን ይዘሽ ሂጂ። ሰው ፊት ማር ነው ብለሻል አይደል?

የተቃጠለ ቡና፦

በጽሑፍ ያድርጉት የተባለው ልክ ነው፣ ግን ከእኔ ተማሪ። በአማርኛ «በ12 ሰዓት እንገናኝ» ተባብለን ቴክስቱ ለፍርድ ቤት ሲተረጎም 12 ሰዓት ተብሎ ወጣ። ዳኛው እኩለ ቀን መሰላቸው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ያስጠበቅኩት መሰለ! ያንን ለማስረዳት ግማሽ ቀጠሮ አለቀ። ሰዓት ስትጽፊ በፈረንጁ አቆጣጠር ጻፊ፣ ፒኤም ብለሽ።

ሌላው ደረሰኝ ነው። ማደያው ውስጥ ስትደርሺ አንድ ውኃ ግዢ፣ ሰዓቱ ደረሰኙ ላይ ይወጣል። እሱ ሲመጣ ደግሞ «6፡50 ፒኤም ደረስክ፣ ልጅቷን ተረክቤያለሁ» ብለሽ ቴክስት አድርጊለት። ስድብም ክርክርም አትጨምሪ። አራት አምስት እሑድ ከተጠራቀመ ትእዛዙን እያከበረ አይደለም ብሎ የኮንቴምፕት (ትእዛዝ የመጣስ) አቤቱታ ለማስገባት የሚያሳዩት ነገር ይኖራል።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጠበቃ የምከፍለው የለኝም፣ የት ልጀምር?

ጠበቃ ቢሮ የምሠራ፦

ሜሪላንድ ኮርት ሄልፕ ሴንተር ጠበቆች በስልክና በቻት በነፃ ያማክራሉ። ያንቺ ጉዳይ ያለው ሮክቪል ሰርኪት ኮርት ከሆነ እዚያው ጠበቃ ለሌላቸው ሰዎች የሚረዳ የቤተሰብ ጉዳይ ሰልፍ ሄልፕ ቢሮ አለ። የአማርኛ አስተርጓሚ ፍርድ ቤቱ በነፃ ያቀርባል፣ ግን ፎርሙን ቀደም ብለሽ አስገቢ። የርክክቡ ቦታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ፓርኪንግ ይቀየርልኝ ብለሽም መጠየቅ ትችያለሽ።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦

ነገ እረፍት ነኝ፣ ጠዋት እደውላለሁ። የፊታችን እሑድ አክስቴ አብራኝ ትመጣለች። ውኃውን እሷ ትገዛለች።