የድሮ ቤት ሶኬት ሲሞቅ፦ ልጠቀምበት ወይስ ላስቀይረው?

ጠያቂ (ፒያሳ)፦ ሰላም ቤተሰቦች። የተከራየነው ቤት የጣሊያን ጊዜ ቤት ነው። ሶኬቶቹ ድሮ እንደተገጠሙ ናቸው፤ ኧርዝ (ያፈተለከ ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) የላቸውም። የወጥ ቤቱ ብቻ ኧርዝ ባለው ተቀይሯል፣ ምጣድ የምሰካውም እዚያ ነው። ሦስተኛው እንጀራ ላይ ስደርስ ሶኬቱ እጅ ያቃጥላል፤ ቀዳዳው ዙሪያም ቡናማ ሆኗል። ትናንት ደግሞ በእርጥብ እጄ ምጣዱን ስነካ ነዘረኝ። የሁለት ዓመት ልጅ አለኝ። አከራያችን እማማ «ስንት ዘመን የሠራ ሶኬት ነው፣ አትስጊ» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

ኤሌክትሪሻን፦ እህቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ሶኬት ላይ ምጣድ አትሰኪ። ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3500 እስከ 4000 ዋት ይስባል። በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው። የተለመደው የግድግዳ ሶኬት የሚችለው 16 ነው፣ ያውም አዲስ ሲሆን። ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ሽቦውን የያዘው ብሎን ይላላል፤ የላላው ደግሞ ይብስ ይሞቃል። ቡናማው ቀለም ፕላስቲኩ መቃጠል እንደጀመረ ነው የሚያሳየው። ንዝረቱን በተመለከተ፣ ሶኬቱ ኧርዝ ያለው ይምሰል እንጂ ከኋላው ሽቦ የታሰረበት አይመስለኝም። ፊቱን ብቻ ቀይረው የሚሄዱ ሞልተዋል። በቴስተር (ኮረንቲ መኖሩን በመብራት በሚያሳየው ካቻቪቴ) ብቻ ደግሞ ይሄ አይታወቅም፣ ተከፍቶ መታየት አለበት።

እናት፦ የእኔ ቤት መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው። የተበላሸ ዓሣ የመሰለ። ሁለት ቀን ሙሉ ቆሻሻ ስፈልግ ከረምኩ። ፍሪጁን ሳስጠጋ የግድግዳው ሶኬት ቀልጦ ከፍሪጁ መሰኪያ እግር ጋር ተጣብቋል። እንዲህ ያለ ሽታ ከመጣ ጊዜ አትስጪው።

ሌላ አባል፦ ቀላል ነው፣ ከኒውትራሉ (ኮረንቲው ከሚመለስበት ሽቦ) አጭር ሽቦ ወደ ኧርዙ ማገናኘት ብቻ። ካልሆነም ከውሃ ቧንቧው ጋር ማሰር።

ኤሌክትሪሻን፦ ወንድሜ፣ በቅንነት እንዳልከው አውቃለሁ። ግን ይሄ ሰው ይገድላል። ኒውትራሉ አንድ ቦታ ከተቆረጠ የምጣዱ ብረት ራሱ 220 ቮልት ይሆናል። ቧንቧውም መሃል ላይ በፕላስቲክ ተቀይሮ ከሆነ ኮረንቲው መሬት አይገባም፤ ቧንቧ የከፈተ ሰው ላይ ነው የሚወጣው።

ጎረቤት ሰፈር፦ ከእማማ ጋር አትከራከሪ። የጠቆረውን ሶኬት አሳዪያቸው። ቤቱ የእሳቸው ነው፣ ቢቃጠል የሚያጡት እሳቸው ናቸው።

ጠያቂ፦ ባለሙያ መጣ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ቆጣሪው ላይ አጥፍቶ ሶኬቱን በካቻቪቴ ሲፈታ፣ ሽቦው የለበሰው ጨርቅና ጎማ እንደ ደረቀ ቂጣ እጁ ላይ ተፈረፈረ። ኧርዙ ላይ ምንም አልታሰረም። እማማ አጠገቡ ቆመው ነበር፣ አማተቡ። አሁን ለምጣዱ ብቻ ከቆጣሪው 4 ሚሊ ሽቦ ተዘርግቶለት የራሱ ብሬከር አለው። ግቢው ውስጥ የኧርዝ ዘንግ ተቀብሯል። 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈተልክ ኮረንቲውን የሚቆርጥ የንዝረት መከላከያም ተገጥሟል። የመኝታ ቤቱ ሁለት ሶኬቶች ሽቦም እንደዚያው የሚፈረፈር ስለሆነ መስመሩን አስቆርጬዋለሁ። ወጪውን ከኪራዩ ላይ በሦስት ወር እንድንቀንስ ተስማምተናል።