ሸማና ኩዊልት አልስማማ አሉኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ስፌት የምታውቁ፣ በተለይ ሸማ ቆርጣችሁ የሰፋችሁ፣ እባካችሁ ድረሱልኝ።

እዚህ ሜሪላንድ ከሰፈር ሴቶች ጋር ኩዊልት እሰፋለሁ። የጨርቅ ቁርጥራጭ ተገጣጥሞ፣ መሃሉ ስስ ጥጥ ገብቶ፣ ከኋላው ሌላ ጨርቅ ተደርጎ የሚሰፋ ነገር ነው። አሁን ውድድር አለን። ርዕሱ «መስኮት»፣ መጠኑ በየጎኑ 30 ሳንቲሜትር፣ ማስረከቢያው እሁድ። እኔ የላሊበላን መስኮት መረጥኩ፤ ያንን አክሱማዊውን፣ አራቱም ማዕዘን ላይ ካሬ ካሬ ወጣ ያለበትን። ግድግዳው ቀይ የጥጥ ጨርቅ ነው። ፍሬሙ ደግሞ ከአሮጌ ነጠላ የሚቆረጥ ጥለት።

ጉዱ ያለው ጥለቱ ላይ ነው። ኩዊልት ሲሰፋ ከጠርዝ የሚተወው ሩብ ኢንች፣ 6 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሸማ ደግሞ ሽመናው ሳሳ ያለ ነው። ገና ሲቆረጥ ድሩና ማጉ እየተፈታ ያቺን ጠርዝ ይበላታል። መኪናው ስር ሲገባም ይለጠጣል፤ ካሬው ካሬ መሆኑ ይቀራል።

ከጀርባው በካውያ የሚጣበቅ ስስ ገበር ልለጥፍለት አስቤ ነበር። ግን ጥለቱ የሚያብረቀርቅ ክር አለው፤ ሙቀቱ ቢያቀልጠውስ? አንዷ ጓደኛዬ ደግሞ «ሳትቆርጪው ጨርቅ የሚያጠነክረውን ስታርች አድርጊው» ትላለች። የቱ ይሻላል? ወይስ መገጣጠሙን ትቼ ቀዩ ላይ ደርቤ፣ ጠርዙን አጥፌ በእጅ ልስፋው? በእጅ ከሆነ እስከ እሁድ ይደርስልኛል?

ደግሞ ቀዩ ጨርቅ አዲስ ነው። ነጩ ላይ ቀለም እንዳይለቅ መጀመሪያ ልጠበው?