በውርስ የደረሰኝን የፌንደር ሙስታንግ ጊታር ዕድሜ እንዴት ላረጋግጥ? ቀለሙስ ይታደስ ወይ?

ክራር ወዳድ፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። በወጣትነታቸው በሆቴል ባንዶች ውስጥ ጊታር ይጫወቱ የነበሩት አጎቴ ሲያርፉ መሣሪያቸው ለእኔ ደርሶኛል። የአንገቱ ራስ ላይ «ፌንደር ሙስታንግ» የሚል ጽሑፍ አለው። በሕይወት ሳሉ እንደነገሩን ከሆነ የገዙት በአሥመራ በነበረው የአሜሪካ ጦር የቃኘው ጣቢያ ሲያገለግል ቆይቶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ወታደር ነው፤ ዓመቱን ግን በትክክል አያስታውሱም ነበር፤ ደረሰኝም ሆነ ሌላ ወረቀት አልተገኘም።

ጊታሩ ሁለት ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ማግኔት) አለው፤ ለእያንዳንዱም ከላይ በኩል አንድ አንድ ተንሸራታች ማብሪያ ተገጥሞለታል። ከጀርባው፣ አንገቱን ከአካሉ ጋር በአራት ብሎን በሚያያይዘው ብረት ላይ፣ ትልቅ የ«ኤፍ» ፊደልና በ16 የሚጀምር ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ተቀርጿል። ግራ ያጋባኝ ቀለሙ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ «ሰማያዊው ጊታር» እያለ ሲጠራው ኖሯል፤ እኔ የማየው ግን ወደ አረንጓዴ የሚያደላና ላዩ በቀጫጭን ስንጥቆች የተሞላ ነው። በመካከል ሌላ ሰው ቀብቶት ይሆን? የሰፈራችን የመኪና ቀለም ቀቢ አይቶት፣ ያለውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት አንሥቶ እንደ አዲስ ሊያደርግልኝ ፈቃደኛ መሆኑን ነግሮኛል።

ከዚህም ሌላ ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው ያሉት ፍሬቶች (በአንገቱ ላይ አግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) ተበልተዋል፤ የድምፅ ማዞሪያውም ሲነካ ይንኮሻኮሻል። በቨርጂኒያ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ጊታሩን ልኬለት እዚያ እንዲሸጥ ይመክራል። እኔ ክራር እጫወታለሁ፤ ጊታርም በዚሁ መሣሪያ ለመማር ስለምፈልግ ለመሸጥ አልቸኩልም። ዕድሜውን ራሴ የማረጋግጥበት መንገድ ካለ፣ ቀለሙንም ማሳደስ ይገባ እንደሆነ የምታውቁ ብትመክሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ካቻቢቴ፣ ቨርጂኒያ

እህቴ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ከሌላው ምክር ሁሉ የሚቀድመው፣ ጊታሩን ለቀለም ቀቢው አለመስጠትዎ ነው። ሰውየው በሙያው የተካነ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በአሸዋና በብርጭቆ ወረቀት የተነሣ የፋብሪካ ቀለም በምንም መንገድ አይመለስም፤ በአሮጌ ጊታሮች ገበያም እንደገና የተቀባ ፌንደር የመጀመሪያ ቀለሙን ከያዘው ግማሽ ያህል ዋጋ ብቻ እንደሚያወጣ ነጋዴዎች በልማድ ይገምታሉ።

ያዩት አረንጓዴነት በራሱ የሌላ ሰው እጅ ለመግባቱ ማስረጃ አይደለም። ፌንደር በዚያ ዘመን ይጠቀምበት የነበረው ናይትሮሴሉሎስ የተባለው ላከር (አንጸባራቂ ቫርኒሽ) ከዓመታት ብዛትና ከብርሃን የተነሣ ወደ ቢጫነት ይለወጣል። ነጭ ጊታር ላይ ሲሆን የቅቤ መልክ ይሰጠዋል፤ ፈዛዛ ሰማያዊ ላይ ሲሆን ደግሞ ቢጫው ከሰማያዊው ጋር ተደርቦ አረንጓዴ ይመስላል። ሙስታንግ መጀመሪያ ላይ ይወጣ የነበረው በቀይ፣ በነጭና በሰማያዊ ስለሆነ የቤተሰቡ ትውስታ ከታሪኩ ጋር ይስማማል። ስንጥቆቹም ቢሆኑ፣ እንጨቱ በሙቀትና በቅዝቃዜ ሲለጠጥና ሲኮማተር የደረቀው ላከር አብሮት መንቀሳቀስ ስለማይችል የሚፈጠሩ ናቸው። የሚያጠራጥረው እንዲያውም የዚህን ያህል ዕድሜ ኖሮት አንድም ስንጥቅ የሌለው ጊታር ነው። ማረጋገጥ ከፈለጉ ክሮቹን ያውልቁ፤ ከዚያም በፒክአፖቹ ዙሪያ ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን ብሎኖች ፈትተው በጥንቃቄ ከፍ ያድርጉት። ብርሃን ሳያገኘው የኖረው ቦታ ጥርት ያለ ሰማያዊ ከሆነና ወደ ዳር ሲመጣ ቀስ በቀስ ወደ አረንጓዴ ከተለወጠ ቀለሙ የፋብሪካው ነው። በብሎን ቀዳዳዎች ውስጥ ወይም በፒክአፖቹ ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ሌላ ቀለም ከታየ ግን ተቀብቷል ማለት ነው።

ወደ ዕድሜው ስመጣ፣ ሙስታንግ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1964 ለጀማሪዎች ታስቦ ነው። ኩባንያው ደግሞ በጥር 1965 ሲቢኤስ ለተባለው የአሜሪካ የብሮድካስት ኩባንያ በ13 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ትልቁ የ«ኤፍ» ፊደል የሚገኘው ከዚህ ሽያጭ በኋላ በተሠሩት ላይ ነው፤ በ16 የሚጀምረው ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥርም ወደ 1966 ገደማ ይጠቁማል። ይሁን እንጂ በቁጥሩ ብቻ አይወስኑ፤ ብረቶቹ በሳጥን ተከማችተው ሠራተኛው እጁ የገባውን እያነሣ ይገጥም ስለነበር ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል አልወጡም፤ ብረቱም በአራት ብሎን ከሌላ ጊታር ሊዛወር የሚችል ነገር ነው።

የተሻለው ማስረጃ ያለው አንገቱ ላይ ነው። ክሮቹ ከወለቁ በኋላ አራቱን ብሎኖች ከጉድጓዳቸው ጋር በትክክል በሚገጥም ካቻቢቴ ይፍቱና አንገቱን ያውጡ፤ ከአካሉ ውስጥ ተደብቆ የሚኖረው የአንገቱ ጫፍ ላይ በቀለም የተመታ ማኅተም ያገኛሉ። ማኅተሙ በቁጥር ጀምሮ ወርና ዓመት አስከትሎ በአንድ የላቲን ፊደል ይጨርሳል። መጀመሪያ ላይ ያለው ቁጥር የሞዴሉ መለያ እንጂ ቀን አይደለም፤ ብዙ ሻጮች ቀን አድርገው ሲያነቡት አይቻለሁ። የመጨረሻው ፊደል የአንገቱን ስፋት ይገልጻል፤ «ቢ» ከሆነ መለኪያው 41 ሚሊሜትር ያህል ነው።

ሦስተኛው ምስክር የድምፅና የቶን (የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት የሚለውጠው) ማዞሪያዎቹ ናቸው። የተገጠሙበትን የብረት ሳህን ፈትተው ሲገለብጡት በእያንዳንዱ ማዞሪያ ቅርፊት ላይ የተመታ ባለ ሰባት አሃዝ ቁጥር ያያሉ። በ304 ከጀመረ ስታክፖል፣ በ137 ከጀመረ ሲቲኤስ የተባለው ፋብሪካ ሠርቶታል፤ ቀጥሎ ያሉት ሁለት አሃዞች ዓመቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን ያሳያሉ። ፌንደር በ1966 እጅግ ብዙ ማዞሪያ በአንድ ጊዜ ገዝቶ እስከ 1969 ገደማ ሲጠቀምበት ስለኖረ፣ የማዞሪያው ቁጥር የሚነግረን ጊታሩ ማዞሪያው ከተሠራበት ጊዜ በፊት ሊሠራ እንደማይችል ብቻ ነው። ብየዳውንም ልብ ይበሉ፤ ጠብታው ለስላሳና አንድ ወጥ ከሆነ፣ የሽቦዎቹም ልባስ ካልተቃጠለ ሰው ያልነካው ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። እርስዎም ከማንኛውም ሥራ በፊት የሁሉንም ፎቶ ያንሡ።

መንኮሻኮሹ ማዞሪያ ለመለወጥ የሚያበቃ ምክንያት አይደለም። ለኤሌክትሪክ መገናኛዎች ተብሎ የሚሸጠውን ማጽጃ ጥቂት ነፍተው ማዞሪያውን ደጋግመው ወዲያና ወዲህ ቢያዞሩት አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። የተበሉትን ፍሬቶች ግን ለጊዜው እንዳይነኩ እመክራለሁ።

አምባሰል፣ አዲስ አበባ

ካቻቢቴ ስለ ቀለሙና ስለ ማኅተሙ በጻፉት ሁሉ እስማማለሁ፤ በፍሬቱ ጉዳይ ግን የተለየ ሐሳብ አለኝ። ፍሬት እየተበላ የሚለወጥ አካል ነው፤ በእነዚያ ሦስት ፍሬቶች ላይ አጎትዎ በየምሽቱ ሲጫወቱ ኖረዋል። እርስዎም ሊማሩበት ካሰቡ በተበላ ፍሬት ላይ ክሩ ይንጫጫል፣ ቃናው ይሳሳታል፤ የክራር ጆሮ ላለው ሰው ደግሞ በትዝታ ውስጥ አንድ ድምፅ ከቦታው ሲንሸራተት መስማት ያሠቃያል። የሚያውቅ ባለሙያ ፍሬቶቹን አስተካክሎ ቢያለሰልሳቸው ብዙ ዓመት ያገለግላሉ፤ ጨርሰው ካለቁ ይለወጡ። ጣት ሰሌዳው ላይ እንጨት እንዳይቀነስ ብቻ አጥብቀው ያሳስቡ።

በእኛ አገር አየር ጠባይ ሌላም ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። ከክረምቱ እርጥበት ወደ በጋው ደረቅ አየር ስንሻገር አንገቱ መጠኑን ይለውጣል፤ ክሮቹም አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላሉ። በአንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት ማስተካከያ በዚህ ዘመን ፌንደሮች ላይ የሚያገኙት በአካሉ በኩል ባለው ጫፍ ስለሆነ አንገቱን ሳያላሉ ሊደርሱበት አይችሉም። ሲያስተካክሉ በአንድ ጊዜ ከአንድ ስምንተኛ ዙር አይለፉ፤ ጠንክሮ እንቢ ካለ ያቁሙ። ጊታሩን በኬዙ ውስጥ ያኑሩት፤ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አጠገብ ግድግዳ ላይ አይስቀሉት።

ሙስታንግ የሚንቀሳቀሰው የክር ርዝመት 610 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ስትራቶካስተር የተባለው ሌላው የፌንደር ጊታር 648 ነው። በዚህም ምክንያት ቀጫጭን ክር ከተጫነበት ውጥረቱ ይላላና ክሩ ከብሪጁ (ክሮቹ በአካሉ በኩል ከሚያርፉበት ብረት) ላይ ይንሸራተታል። ከ0.011 ኢንች ውፍረት የሚጀምር የክር ጥቅል ቢጭኑበት ይሻላል። ተንሸራታች ማብሪያዎቹ እያንዳንዳቸው ሦስት ቦታ አላቸው፤ መካከለኛው መዝጊያ ሲሆን ሁለቱ ዳርና ዳር ፒክአፑን በተቃራኒ አቅጣጫ ያገናኛሉ። ሁለቱን ፒክአፖች ከፍተው ድምፁ ድንገት ቢሳሳና ባሱ ቢጠፋ የተበላሸ እንዳይመስልዎ፤ አንዱን ማብሪያ ወደ ሌላው ዳር ይግፉት። እኔ በበኩሌ ያንን ቀጭን ድምፅ ለአንቺሆዬ እወደዋለሁ።

በጣም የምሰጋው በአምፕሊፋየሩ ነው። ጊታሩ ራሱ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ነገር ግን አጎትዎ በዚያው ዘመን ከአሜሪካ የመጣ አምፕሊፋየር ትተው ከሆነ፣ ለ117 ቮልት የተሠራ ስለሚሆን በቀጥታ ወደ እኛ 220 ቮልት እንዳይሰኩት፤ በትራንስፎርመር መውረድ አለበት። ገመዱ ባለ ሁለት እግር ከሆነ ደግሞ ባለ ሦስት እግርና የመሬት መስመር ያለው ገመድ ሳይገጠምለት አይነካ። የጊታሩ ክሮች በብሪጁ በኩል ከአምፕሊፋየሩ ሻሲ ጋር የተገናኙ ናቸው፤ ሻሲው ኃይል ከያዘ በቀጥታ ወደ ተጫዋቹ እጅ ይደርሳል። ይህ ሰው የሚገድል ነገር ነው።

ክራር ወዳድ፣ አዲስ አበባ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ አጠገቤ ቆሞ አብረን ከፈትነው። ከሽፋኑ ሥር ያለው ቀለም ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፤ ጠርዙ ላይ ደርሶ ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ መስመሩ ራሱ ይታያል። በአንገቱ ጫፍ ላይ «16 ማርች 66 ቢ» የሚል ማኅተም አለ፤ ስለ መጀመሪያው ቁጥር አስቀድሞ ባይነገረኝ ኖሮ ቀን ነው እል ነበር።

ማዞሪያዎቹ ግን አይመሳሰሉም። የቶኑ ቁጥር 3046612 ሲሆን የድምፁ 1377432 ነው፤ በሁለተኛው ላይ ያለው ብየዳም ሻካራና ወፍራም ነው። ይህ የጊታሩን ዋጋ ያበላሸዋል? ለአክስቴ ልጅስ ምን ልበለው?

ካቻቢቴ፣ ቨርጂኒያ

እንኳን ደስ አለዎት። የአንገቱ ማኅተም፣ የቶን ማዞሪያውና የጀርባው ቁጥር ሦስቱም ስለ ተስማሙ ጊታሩ የ1966 ነው ብለው በሙሉ ልብ መናገር ይችላሉ። የድምፅ ማዞሪያው በ1974 በ32ኛው ሳምንት የተሠራ የሲቲኤስ ውጤት ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ አንድ ሰው አሮጌውን ለውጧል። ለውጡ በአጎትዎ እጅ ላይ እያለ ተደርጎ ይሁን ወይም ከዚያ በፊት፣ የባንዱ ጓደኞቻቸው በሕይወት ካሉ ይጠይቁ፤ ምላሻቸውንም ከፎቶዎቹ ጋር ጽፈው ያስቀምጡ። አንድ የተለወጠ ማዞሪያ ዋጋውን በጥቂቱ ይቀንሰዋል እንጂ አያበላሸውም። በደንብ የሚሠራ ከሆነ ተዉት፤ «የ66» የሚባል ማዞሪያ ፈልገው በመግጠም የጥገና ታሪኩን አይደምስሱ። ወደፊት የሚወልቅ ነገር ቢኖር፣ አሮጌ ብሎን እንኳ ቢሆን፣ በትንሽ ፌስታል አድርገው ኬዙ ውስጥ ያኑሩት።

በፍሬቱ ጉዳይ የአምባሰልን ሐሳብ ተቀብያለሁ፤ የሚጫወቱበት ከሆነ ይስተካከሉ።

ለአክስትዎ ልጅ የሚነግሩት ዋናው ነገር መላኩ ቀላል አለመሆኑን ነው። በዚያ ዓመት ፌንደር ሮዝውድ ከተባለው እንጨት የብራዚሉን ትቶ ወደ ሕንዱ በመሸጋገር ላይ ስለነበር ጣት ሰሌዳው ከሁለቱ አንዱ ሊሆን ይችላል። የብራዚሉ ከ1992 ጀምሮ ሳይተስ በተባለው፣ ለመጥፋት በተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ላይ ቁጥጥር በሚያደርገው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ በሆነው አንደኛ ሰንጠረዥ ውስጥ ይገኛል። በ2019 መጨረሻ ለተጠናቀቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች የተሰጠው ነጻነት የሕንዱንና ሌሎቹን የሮዝውድ ዓይነቶች እንጂ የብራዚሉን አይመለከትም። ስለዚህ እንጨቱ በባለሙያ ሳይለይና አስፈላጊው ፈቃድ ሳይወጣ ለሽያጭ ከላኩት እዚህ ጉምሩክ ላይ ሊወረስ ይችላል።