በቴሌስኮፓችን ሁሉም ነገር ደብዛዛና የተገለበጠ ሆነብን፤ ተበላሽቶ ይሆን?

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህር፣ ደብረ ብርሃን
ጤና ይስጥልኝ። ውጭ አገር የምትኖር እህቴ ለትምህርት ቤታችን ቴሌስኮፕ ላከችልን። ቱቦው ላይ 70 በ700 ሚሊሜትር ይላል። 25 እና 10 ሚሊሜትር የሆኑ የዓይን ሌንሶች፣ 3 እጥፍ የሚያጎላ አጭር ቱቦ፣ መስታወት ያለበት ጎባጣ ቁራጭና ትንሽ ጥቁር የፀሐይ ማጣሪያ አብረውት መጥተዋል። ጎባጣው የት እንደሚገባ ስላላወቅን ሳጥኑ ውስጥ ትተነዋል። በ10ሩና በአጉሊው ጁፒተርን ብንፈልግ ጭጋግ የመሰለ ነገር ብቻ ታየን። ቀን ላይ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት በ25ቱ ስናይ ደግሞ ተዘቅዝቆ፣ ዳሩም ሐምራዊ ሆኖ ታየ። ተማሪዎቼ በጉጉት እየጠበቁ ነውና እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ፦ መነጽር ሠሪ
መምህር፣ ዕቃዎ ጤነኛ ነው። የፊተኛው ሌንስ መሃሉ ወፍራም፣ ዳሩ ቀጭን ስለሆነ ከሩቅ የመጣውን ብርሃን አጥፎ 700 ሚሊሜትር ላይ ይሰበስበዋል። እዚያ የተፈጠረችውን ትንሽ ምስል የዓይን ሌንሱ እንደ አጉሊ መነጽር ያሳየናል። ማጉላቱ 700ን ለዓይን ሌንሱ ቁጥር ማካፈል ነው፤ በ25ቱ 28 እጥፍ፣ በ10ሩ 70 እጥፍ። አጉሊው ሲጨመር 210 ይሆናል። ስፋቱ 70 ሚሊሜትር ለሆነ ሌንስ ግን ከ140 በላይ ትርፍ የለውም፤ የተሰበሰበው ብርሃን ያው ሆኖ ምስሉ ስለሚለጠጥ ይደበዝዛል። አጉሊውን ወደ ሳጥኑ ይመልሱት።

ሐምራዊው ዳር የመጣው መስታወት ሁሉንም ቀለም እኩል ስለማያጥፍ ነው። ለዚህም ሲባል ጆን ዶሎንድ በ1758 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የባለቤትነት መብት ባወጣበት ዘዴ የፊተኛው ሌንስ ከሁለት ዓይነት መስታወት ተጣምሮ ይሠራል። ጥቂት ቀለም ቢቀርም ጉዳት የለውም።

መልስ፦ መሬት ቀያሽ
መገልበጡ አያስጨንቅዎ። የድሮዎቹ የቅየሳ መሣሪያዎቻችንም ቁልቁል ያሳዩ ነበር፤ አንዳንድ የመለኪያ ዘንግ ላይ ቁጥሩ ራሱ ተገልብጦ ይጻፍ ነበር። ጎባጣውን ቁራጭ በማተኮሪያው (ምስሉን ለማጥራት ወደፊትና ወደኋላ በሚሄደው ክፍል) እና በዓይን ሌንሱ መካከል ያስገቡት። ምስሉ ይቃናል፤ ቀኝና ግራው ብቻ ይለዋወጣል። አንዳንድ ቴሌስኮፕ ያለ እርሱ ጨርሶ አይጠራም። ቱቦው ላይ ማነጣጠሪያ (የሚፈልጉትን ለማግኘት የምትረዳ ትንሽ መመልከቻ) ካለችም ቀን ላይ በዚያው ጉልላት ያስተካክሏት፤ ማታ በጨለማ ከመታገል ያድናል።

መልስ፦ የሰማይ ወዳጅ
እኔ የምለምንዎት ስለ ፀሐይ ነው። ያቺን ጥቁር ማጣሪያ ዛሬውኑ ይጣሏት። የዓይን ሌንሱ ላይ የምትጠመድ ከሆነች ብርሃኑ ተሰብስቦ ስለሚያርፍባት በሙቀት ትሰነጠቃለች፤ ከዚያ የልጅ ዓይን ለመጥፋት ቅጽበት ይበቃዋል። ለፀሐይ የሚሆነው ከፊተኛው ሌንስ በፊት፣ ቱቦው አፍ ላይ የሚገጠም፣ ለዚሁ የተሠራ ማጣሪያ ብቻ ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ፀሐይ በአገራችን በከፊል ትጋረዳለችና ከአሁኑ ቢያስቡበት መልካም ነው።

ማታ ግን የሚያዩት ብዙ ነው፤ የጨረቃ ጉድጓዶች፣ በ70 እጥፍ የሳተርን ቀለበት፣ በ28 እጥፍ የጁፒተር አራቱ ጨረቃዎች። ጋሊልዮ በጥር 1610 እ.ኤ.አ. ያገኛቸው ከእርስዎ ባነሰ ሌንስ ነው።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማጣሪያዋን በመዶሻ ሰበርኳት። አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ የእንጦጦዎቹ ትልልቅ ቴሌስኮፖች ለምን በሌንስ አልተሠሩም?

መልስ፦ መነጽር ሠሪ
ሌንስ የሚያዘው በዳሩ ብቻ ስለሆነ ሲተልቅ በገዛ ክብደቱ ይጎብጣል። አሜሪካ ውስጥ በይርክስ የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ በ1897 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ቴሌስኮፕ የሌንሱ ስፋት 102 ሴንቲሜትር ነው፤ ለሰማይ ምርምር ከዚያ የሚበልጥ የሌንስ ቴሌስኮፕ አገልግሎት ላይ አልዋለም። ብርሃን የሚያንጸባርቅ መስታወት ግን ከጀርባው ስለሚደገፍ ትልልቆቹ በእርሱ ይሠራሉ።

ጠያቂው፦
ትናንት በ25ቱ ጁፒተርን አገኘነው። ሦስት ነጥቦች በአንድ መስመር ነበሩ፤ ተማሪዎቹ ደብተራቸው ላይ ሣሏቸው። ዛሬ ማታ ስንመለስ አራት ሆነው ጠበቁን።