ክርክር፦ የወጣት ማዕከል ሠራተኞች የሃይማኖትና የባህል ውይይት መምራት ይሠልጥኑ?

አወያይ፦ ሰላም ጎረቤቶች። የሳምንቱ ጥያቄ ይኸውላችሁ። አዲስ አበባ ዳር ባሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮቻችን፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱና በቦሌ አራብሳ፣ ከወጣቶች ጋር የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ የማዕከል አስተባባሪ፣ የበጎ ፈቃድ ቡድን መሪ፣ የኳስ አሠልጣኝ። እነዚህ ሰዎች ሃይማኖታቸውና ባህላቸው የሚለያይ ልጆችን ማወያየት በመንግሥት በጀት ይሠልጥኑ? ወይስ ነገሩ ለሃይማኖት አባቶችና ለአገር ሽማግሌ ይተው?

ጡረተኛ መምህር፦ እኔ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ያደግሁት ካዛንቺስ ነው። ሠርግ ሲደገስ ለሙስሊም ጎረቤት አራጁም ድስቱም ለብቻ ይሰናዳ ነበር። ለቅሶ ላይ ማንም የማንንም ሃይማኖት አይጠይቅም። ይህን ያስተማረን ዕድርና የቡና ጉርብትና ነው። አሠልጣኝ አልመጣልንም።

አስተባባሪዋ፦ ጋሼ፣ ያሉት እውነት ነው። እኔም ያደግሁት በዚያው ወግ ነው። እዚህ ያለነው ግን አብረን ያደግን ሰዎች አይደለንም። ኮንዶሚኒየም የሚደርሰው በዕጣ ነው። አንዱ ከመርካቶ፣ አንዱ ከልደታ፣ ሌላው ከክፍለ ሀገር መጥቶ ተከራይቶ በአንድ ደረጃ ይወጣል ይወርዳል። የድሮው ዕድር እዚያው የድሮው ሰፈር ቀርቷል። ትልልቆቹ ቢያንስ ድንኳን ሲተከል ይገናኛሉ። ልጆቹስ? የሚተዋወቁት ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ነው። እዚያ ስለ ሌላው እምነት የሚሰሙት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስድብ ነው። ማታ አንድ ቪዲዮ ይለቀቃል፤ በማግስቱ ከረንቡላው ጋ ጠብ ይነሳል። ያን ሰዓት አጠገባቸው ያለሁት እኔ ነኝ። ቄሱና ሼኩ ተጠርተው እስኪደርሱ ነገሩ ከእጅ ይወጣል። እኔ የተማርኩት ሒሳብ አያያዝ ነው። ማንን ለብቻ ላናግር? ሁለቱን ወገን መቼ ነው አንድ ላይ የማስቀምጠው? ዝም ማለት ያለብኝስ የቱ ጋ ነው? ይህ ሙያ ነው፤ ካልተማሩት አይመጣም።

የብሎክ ኮሚቴ ጸሐፊ፦ ሥልጠና ስትሉ እኔ የማየው ሆቴል፣ አበልና የምስክር ወረቀት ነው። ደግሞ ሐሳቡ የፈረንጅ ነው።

አስተባባሪዋ፦ በአበሉ እስማማለሁ፤ ሆቴል አያስፈልግም። ፈረንጅ ያልከው ግን አይዋጥልኝም። አውሮፓ ውስጥ ከወጣት ጋር መሥራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የአውሮፓ አገሮች በሰብዓዊ መብት ጉዳይ የሚተባበሩበት የአውሮፓ ካውንስል ፈረንሳይ አገር ስትራስቡርግ ላይ የወጣቶች ማዕከል የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ በ2008 ስለ ባህሎች ውይይት ያወጣው ሰነድም ሃይማኖትን አልዘለለም። እነሱ ያስፈለጋቸው ስደተኛና ነባር ነዋሪ በአንድ ሰፈር ሲገናኙ ነው። የኛ ምክንያት ሌላ ነው፤ ልጆቹን የማወያየት ጥበቡን ግን ብንማረው ምን ይጎዳናል?

የሕግ ተማሪ፦ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም። በበጀቱ ሠራተኛ አሠልጥኖ ስለ እምነት ሲያወያይ መስመሩን አያልፍም?

ኡስታዙ፦ የኔም ስጋት እዚያው አካባቢ ነው። ለሁለት ቀን የሠለጠነ ልጅ ተነስቶ «ሁሉም ሃይማኖት አንድ ነው» ብሎ ለልጆቼ ካስተማረ አልቀበለውም። ለእኔ አንድ አይደለም። ለቄሱም አንድ አይደለም።

የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ፦ ኡስታዝ ልክ ብለዋል። ልዩነቱን ሸፋፍኖ የሚመጣ ሰላም አልፈልግም። እኔ የምፈልገው ልጁ በእምነቱ ጸንቶ ጎረቤቱን እንዲያከብር ነው።

አስተባባሪዋ፦ ኡስታዝ፣ ዶግማ አልነካም። እኔ የምለው የጋራ ኑሯችንን ነው። የጋራ መጠቀሚያው ሕንፃ ላይ ማረጃው አንድ ነው፤ የፋሲካ በግና የአረፋ በግ እንዴት ይታረድበት? የድምፅ ማጉያው በፈተና ሰሞን ምን ያህል ይከፈት? በጾም ወቅት የስፖርት ውድድር ስናወጣ የማንን ሰዓት እንመልከት? ለሕግ ተማሪውም መልሴ ይኸው ነው። ይህ የጉርብትና ጉዳይ ስለሆነ አንቀጹን የሚነካ አይመስለኝም።

የአርሶ አደር ልጅ፦ ሁላችሁም ስለ ሃይማኖት ታወራላችሁ። እኛንስ የት ጣላችሁን? እኔ የተወለድሁት ይህ ሕንፃ ሳይኖር እዚሁ ነው። በ2011 ከ51 ሺህ በላይ ቤት ዕጣ ሲወጣ በኦሮሚያ ስንት ከተማ ሰልፍ እንደወጣ ታስታውሳላችሁ። ማዕከሉ ውስጥ ስገባ የሚያናግረኝ ሁሉ በአማርኛ ነው፤ አፋን ኦሮሞ የሚችል ሠራተኛ አላገኘሁም። ይህም የባህል ውይይት ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለሕንፃው የተወሰደብን መሬት የካሳ ጥያቄ በሥልጠና አይመለስም። አባቴን በውይይት ሊያባብሉት ከሆነ እኔ የለሁበትም።

አስተባባሪዋ፦ ወንድሜ፣ ትክክል ነህ። ካሳውን እኔ አልመልስም፤ የሚመለከተው ይመልስ። ሥልጠናው ከመጣ ግን ቋንቋህን የሚናገር ሰው አብሮ ይቀጠር። ይህን ጥያቄ ከኛ ጋር ሆነህ አንሳው፤ እኔም እፈርማለሁ።

ጡረተኛ መምህር፦ ልጄ፣ ስለ ዕጣው ያልሽው ገብቶኛል። አሁንም ሽማግሌ ይቅደም እላለሁ። ግን ከሠለጠናችሁ አይቀር እዚሁ ማዕከሉ ውስጥ፣ እኛም ባለንበት ይሁን።

ኡስታዙ፦ የኔ ቅድመ ሁኔታ አንድ ነው። የሥልጠናውን ጽሑፍ ቄሱም፣ ፓስተሩም፣ እኔም ቀድመን እንየው። ያላየሁትን ለልጆቼ አልፈቅድም።

አስተባባሪዋ፦ ይሁን። ቅዳሜ ከዐስር ሰዓት በኋላ አዳራሹ ክፍት ነው። ምን ይካተት፣ ምን ይውጣ የምትሉትን ጽፋችሁ ይዛችሁ ኑ።