ክርክር፦ ብሉቱዝ ያለው የጆሮ መሣሪያ ከተኩስ መስመር ይከልከል?

ጠያቂው፦ የምተኩስበት ክበብ ሁለት አዲስ ደንቦች አቅርቦ አባላቱ ድምፅ እንዲሰጡ ጠይቋል። የመጀመሪያው ብሉቱዝ ያለው ማንኛውም የጆሮ መሣሪያ ተኩስ መስመር ላይ እንዳይደረግ ይከለክላል። ሁለተኛው ጣሪያ ባለው የተኩስ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው የስፖንጅ መሰኪያና ከላይ የሚጠለቅ መሸፈኛ ደርቦ እንዲያደርግ ያዛል። ሁለተኛውን እደግፋለሁ፤ በመጀመሪያው ላይ ግን አልቆረጥኩም። ምን ትላላችሁ?

ዒላማ ወዳድ፦ የመጀመሪያውን እቃወማለሁ። የእኔ መሸፈኛ ኤሌክትሮኒክ ነው። ማይክሮፎኖቹ ንግግርን ያስገባሉ፣ ተኩስ ሲመጣ ይዘጋሉ። «ተኩስ አቁም!» ሲባል ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ። ብሉቱዝ ስላለው ብቻ ለምን ይከለከላል? እንዲያውም ባለ .22 ጠመንጃ ስተኩስ ድምፅ የሚያጠፋው ተራ ኤርባዴ፣ ማለት ጆሮ ውስጥ የሚገባው የሙዚቃ ማዳመጫዬ፣ ይበቃኛል። የአውሮፕላን ሞተር ጸጥ ካሰኘ ትንሽ ጥይት አያቅተውም።

ድምፅ ለኪ፦ ወንድሜ፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ አነሣህ። ስለ ኤሌክትሮኒክ መሸፈኛህ ያልከው ትክክል ነው። ኤርባዱ ላይ ግን ተሳስተሃል፤ ዝም ብዬ ባልፈው ሌላ ሰው አምኖህ ጆሮውን ሊያጣ ይችላል።

ኤርባድ ድምፅ የሚያጠፋው የሰማውን ሞገድ ተቃራኒ አውጥቶ ነው። ይህ ሳያቋርጥ ለሚያጉረመርም ወፍራም ድምፅ ይሠራል፤ የአውሮፕላን ሞተር እንዲህ ያለ ነው። ተኩስ ግን ከሺህኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከፍተኛ ጫፉ ላይ ይደርሳል። መሣሪያው ቀድሞ ሊያውቀው አይችልም፣ ቢያውቀውም ያቺ ትንሽ ድምፅ ማውጫ ያን ግፊት የሚመክት ኃይል የላትም። የሚቀርልህ ጎማው ቀዳዳውን የደፈነው ያህል ብቻ ነው። ያንንም ያህል ለመሆኑ ማሸጊያው ላይ የሚመሰክር ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ አታገኝም።

የሽጉጥና የትልልቅ ጠመንጃዎች ድምፅ በተኳሹ ጆሮ አጠገብ ከ150 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ ነው) ያልፋል፣ አንዳንዱ ከ160ም በላይ ነው። ለቅጽበታዊ ድምፅ የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋማት ያስቀመጡት ጣሪያ 140 ነው። ባለ .22 ጠመንጃህ እዚያው ጣሪያ አካባቢ ነው የሚውለው። ዴሲቤል ደግሞ እንደ ኪሎ አይደመርም፤ 10 በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ይሆናል።

ጀማሪዋ፦ ይቅርታ፣ በቁጥሩ ጉዳይ ልጠይቅ። የስፖንጅ መሰኪያዬ ማሸጊያ ላይ 33፣ መሸፈኛዬ ላይ 22 ተጽፏል። ደርቤ ሳደርጋቸው 55 ዴሲቤል ይቀንሱልኛል ማለት ነው?

ድምፅ ለኪ፦ አይደለም እህቴ። ከሁለቱ ከፍተኛው ላይ 5 ያህል ብቻ ጨምሪ። መሰኪያው ምንም ያህል ቢደፍን ድምፁ በራስ ቅል አጥንት በኩል ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይደርሳል፤ ስለዚህ ወሰን አለው።

33 የተባለውም የተለካው ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በአግባቡ በተደረገ መሰኪያ ነው። የአሜሪካው የሥራ ጤና ምርምር ተቋም ናዮሽ እ.ኤ.አ. በ1998 ቁጥሩን ቀንሰን እንድንገምት መክሮ ነበር፦ ከመሸፈኛው ሩቡን፣ ተጠቅልሎ ከሚገባው ስፖንጅ ግማሹን። በአውሮፓ የሚሸጡት ላይ ደግሞ ኤስኤንአር የሚባል ሌላ ቁጥር ታያለሽ። አለካኩ ስለሚለይ ኤንአርአር ከሚባለው የአሜሪካው የመቀነስ ቁጥር ጋር ጎን ለጎን አታወዳድሪው።

ግራ ጆሮ፦ ስሜን ያወጣሁት ከደረሰብኝ ነው። በአንድ የተኩስ ቤት ውስጥ መሸፈኛ ብቻ አድርጌ ነበር። አስተማሪው የሚለውን ለመስማት የግራውን ከፍ አደረግሁት። በዚያች ቅጽበት አጠገቤ ያለው ሰው ተኮሰ። ጠመንጃው አፈሙዙ ላይ የርግጫ መቀነሻ የተገጠመለት ነበር፤ ይህ ደግሞ ጋዙን ወደ ጎን ስለሚመልሰው ድምፁ ለጎረቤት ይብሳል። ጆሮዬ ጭው አለ፣ እስከ ዛሬም አላቆመም። ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል ይበልጥ ይሰማኛል።

ሐኪሙ ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ያሉት ጸጉር መሰል ህዋሳት አንዴ ከሞቱ ተመልሰው እንደማይበቅሉ ነገረኝ። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ፣ በ4000 ኸርዝ አካባቢ ያለው ነው። የሚነገረኝን እሰማለሁ፣ ቃሉን ግን ለይቼ አልይዘውም፤ «ሰ» እና «ፈ» ይምታቱብኛል። በቀኝ ትከሻው ጠመንጃ የሚይዝ ሰው ግራ ጆሮው ለአፈሙዙ የተጋለጠ ነው፣ ቀኙን ራሱ ይጋርድለታል። ስለዚህ ሁለተኛውን ደንብ በሁለት እጄ እደግፋለሁ። ያን ቀን ከመሸፈኛው ሥር ስፖንጅ ቢኖረኝ ኖሮ ዛሬ አጥርቼ እሰማ ነበር።

አሰልጣኙ፦ አይዞህ ልጄ። ይህን መጻፍህ ለሌላው ይጠቅማል።

እኔ ሁለቱንም ደንቦች እደግፋለሁ። ዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን በውድድሮቹ ተወዳዳሪው ድምፅ የሚቀንስ መሣሪያ ብቻ እንዲያደርግ ይፈቅዳል፤ ድምፅ የሚያጫውት ወይም መልእክት የሚቀበል ነገር አይፈቀድም። ልምምዳችንም ከውድድሩ ጋር ቢመሳሰል ይሻላል።

ግን ከመሣሪያው ዓይነት ይልቅ የሚያሳስበኝ አደራረጉ ነው። አብዛኛው ተማሪዬ ስፖንጁን ጆሮው ደጃፍ ላይ ሰክቶ ይመጣል። በንጹሕ እጅ እንደ ቀጭን ጧፍ አጥብቃችሁ ጠቅልሉት። በሌላኛው እጅ በራሳችሁ ላይ አዙራችሁ የጆሯችሁን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ፣ ከዚያ አስገቡት፣ አብጦ እስኪደፍን 30 ሰከንድ ያህል በጣት ያዙት። ከዚያ ጫጫታ ባለበት መዳፋችሁን ጆሯችሁ ላይ ጫኑ፤ ድምፁ ያኔ ጎልቶ ከቀነሰ መሰኪያው አልደፈነም ማለት ነው፣ አውጥታችሁ ድገሙት። መሸፈኛም ቢሆን የመነጽር ዘንግ ሥሩ ካለ ቀዳዳ ይተዋል። ጉንጫችሁን ሰደፉ ላይ ስታሳርፉ ሰደፉ መሸፈኛውን ገፍቶ የሚከፍተው ከሆነ ቀጭን ቅርጽ ያለውን ምረጡ።

ዒላማ ወዳድ፦ ስለ ኤርባዱ ተሳስቻለሁ፤ ድምፅ ለኪ፣ አመሰግናለሁ። ዳግመኛ ለተኩስ አላደርገውም። በአንድ ነገር ግን አልስማማም። የግራ ጆሮ ጉዳት የመጣው መሸፈኛውን ከፍ ስላደረገ ነው፣ ከፍ ያደረገውም መስማት ስላልቻለ ነው። ኤሌክትሮኒክ ቢሆን ኖሮ ማንሣት ባላስፈለገው። ለተኩስ ተብለው የተሠሩ፣ የመቀነስ ቁጥራቸው የተለካ፣ ብሉቱዝም ያላቸው አሉ። ደንቡ ብሉቱዝን ሲከለክል የሚያባርረው እነዚህን ነው። የተለካ ቁጥር የሌለው ይከልከል ቢባል እኔም እፈርማለሁ።

ድምፅ ለኪ፦ በዚህ ከዒላማ ወዳድ ጋር ነኝ። ከሥር ስፖንጅ፣ ከላይ ኤሌክትሮኒክ መሸፈኛ አድርጎ የማይክሮፎኑን ድምፅ ከፍ ማድረግ ሁለቱንም ያስገኛል፦ ትእዛዙ ይሰማል፣ ጆሮም ይጠበቃል። ባትሪው ቢያልቅ እንኳ መሸፈኛው እንደ ተራ መሸፈኛ መከላከሉን ይቀጥላል።

አሰልጣኙ፦ የምትሉት በወረቀት ላይ ልክ ነው። እኔ ግን አሥር ሰው ከኋላ ቆሜ ነው የምጠብቀው። ማን ሙዚቃ እየሰማ እንደሆነ፣ የማን ስልክ ጆሮው ውስጥ እንደሚጠራ በምን አውቃለሁ? ጣቱ ቃታ ላይ ያለ ሰው ጆሮው ውስጥ ድንገት ስልክ ሲጮህ አስቡት። በዚህ አቋሜን አልለውጥም።

ጀማሪዋ፦ ስልኩ ከተኩስ መስመር ውጭ ቢቀመጥስ? መሸፈኛው የሚገናኘው ነገር ካጣ የሚያጫውተው አይኖርም። እርስዎም መሸፈኛውን ሳይሆን ስልኩን ብቻ ይቆጣጠራሉ።

አሰልጣኙ፦ ይህን ልቀበል እችላለሁ። ስልክ ኪሱ ውስጥ የተገኘበት ግን የዚያን ቀን ተኩሱ ያበቃል።

ጠያቂው፦ እንግዲያው የመጀመሪያውን ደንብ በዚህ እንዲተካ አቀርባለሁ፦ «የመቀነስ ቁጥሩ ያልተለካ የጆሮ መሣሪያ አይፈቀድም፤ ስልክ ወደ ተኩስ መስመር አይገባም።» ሁለተኛው እንዳለ ይቀጥል። የሚጨመር አለ?

ግራ ጆሮ፦ አለ። ሁለተኛው ደንብ ተራ የሚጠብቁትን፣ ቆመው የሚያዩትንና ልጆችን በግልጽ ይጥቀስ። በሩም ከመከፈቱ በፊት መሰኪያው ጆሮ ውስጥ ይሁን።